ባለቤቴ ሲተኛ ትንፋሹ ይቆማል፤ ሲነቃ ግን አያምነኝም

ጥያቄ፦

የምኖረው አዳማ ነው። ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በጂቡቲ መስመር ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ሲያሽከረክር ኖሯል። ማንኮራፋቱን ከተጋባን ጀምሮ ስለማውቀው ለምጄዋለሁ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን በማንኮራፋቱ መሀል በድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሽ ግን የለም። አንድ ሌሊት የስልኬን ሰዓት ይዤ ብቆጥር 40 ሴኮንድ ደረሰ። ከዚያ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው በኃይል ተንፍሶ፣ ተገላብጦ እንደገና ማንኮራፋት ይጀምራል። ጠዋት ስነግረው «ሞቼ ከሆነ አሁን የሚያናግርሽ ማን ነው?» ብሎ ይስቃል። ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሣል፤ ስኳርም ፕሮስቴትም ተመርምሮ የለበትም ተብሏል። ሁለት ዓይነት የደም ግፊት መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ ከ160 በ100 አልወርድ ብሏል። ባለፈው ወር ደግሞ አዋሽ ላይ ለፍተሻ በተሰለፉበት መሪው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ረዳቱ ነው የቀሰቀሰው። አማቴ «ዱካክ ነው» ብለው ጠበል እንዲገባ ይለምኑታል፤ ጎረቤት እንጥሉን ያስቆርጥ ይላል፤ እሱ ራሱ ድካም ነው ባይ ነው። እኔ ሳሎን መተኛት ጀምሬያለሁ፤ ቢሆንም ድምፁ ሲቋረጥ ተነሥቼ አየዋለሁ። ምን ላድርግ? ልመርመር ቢልስ ሥራውን ያጣ ይሆን?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ በሌሊት ቁጭ ብለው 40 ሴኮንድ መቁጠርዎ አንድ ሐኪም ቀን ላይ በምርመራ ክፍሉ ሊያገኘው የማይችለውን መረጃ አስገኝቷል። በሕክምናው አነጋገር በአዋቂ ሰው ላይ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ የሚቆይ የትንፋሽ መቋረጥ ሊመዘገብ የሚገባው ክስተት ነው፤ እርስዎ የቆጠሩት የዚያን አራት እጥፍ ነው። በደብዳቤ ብቻ በሽታን መወሰን ባይቻልም፣ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ እርሱም ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት፣ በእንቅልፍ ጊዜ የላይኛው የአየር መተላለፊያ እየተዘጋ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር ለመረዳት የውኃ መሳቢያ ሞተር የተጠቀመ ሰው የሚያውቀውን ማስታወስ ይበቃል። ውኃ የሚሳብበት ጎማ ጠንካራ ካልሆነ፣ ሞተሩ ሲስብ ጎማው ይጨፈለቅና ግድግዳው እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ውኃ አይመጣም። ከማንቁርት በታች ያለው የአየር ቧንቧችን ከቅርጭጭት በተሠሩ ቀለበቶች የተደገፈ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስበትም። ከምላስ ጀርባ ያለው የጉሮሮ ክፍል ግን ይህን የመሰለ ድጋፍ የሌለው፣ በጡንቻዎች ተወጥሮ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ለስላሳ መተላለፊያ ነው። ነቅተን ሳለን ጡንቻዎቹ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ እንቅልፍ ሲወስደን ይላላሉ። አንገቱ ወፍራም በሆነ፣ አገጩ ወደ ኋላ ገባ ባለ ወይም ቶንሲሉ ባበጠ ሰው ላይ መተላለፊያው ቀድሞውንም ጠባብ ነውና፣ በላላ ጊዜ መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ቀጥሎም ይዘጋል። እርገብጋቢው ድምፅ ማንኮራፋት የምንለው ነው፤ ድንገተኛው ጸጥታ ደግሞ መንገዱ ጭራሽ መዘጋቱን ይናገራል። የባለቤትዎ ደረት በዚያ ጸጥታ ውስጥ መንቀሳቀሱ ሞተሩ እየሠራ ጎማው መጨፍለቁን ያሳያል። አንጎል ለመተንፈሻ ጡንቻዎች ትእዛዝ ሳይሰጥ የሚቀርበት ሌላ ዓይነትም አለ፤ በልብ ድካም ሕመምተኞችና ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል፤ በዚያኛው ግን ደረቱም አብሮ ጸጥ ይላል። ስለዚህ የደረቱን ነገር ለሐኪሙ መንገርዎን አይርሱ።

ትንፋሽ ሲቋረጥ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎልም ይህን ሲያውቅ ሰውየውን ለጥቂት ሴኮንዶች ከእንቅልፉ ያባንነዋል። ጡንቻዎቹ ይወጠራሉ፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ በኃይል ይተነፍሳል፣ መልሶም ይተኛል። መባነኑ አጭር ስለሆነ ጠዋት ፈጽሞ አይታወስም፤ ባለቤትዎ የሚስቁት እርስዎን ለማቃለል ሳይሆን በእውነት ስለማያውቁት ነው። ይህ በሰዓት 40 ጊዜ የሚደርስ ከሆነ፣ ስድስት ሰዓት የተኛ ሰው 240 ጊዜ ተቀስቅሷል ማለት ነው። አልጋ ላይ የቆየበት ሰዓት ሙሉ ሆኖ ሳለ እንቅልፉ ግን ተቆራርጦ አልቋል፤ አዋሽ ላይ መሪው ላይ የተደፉት በዚህ ዕዳ ሳይሆን አይቀርም።

በየመባነኑ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይመታል፣ ግፊት ያሻቅባል። ጤነኛ ሰው በሚተኛበት ጊዜ የደም ግፊቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ የደም ሥሮቹም ያርፋሉ። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ዕረፍት አያገኝም፤ ግፊቱም ቀን ጭምር ከፍ እንዳለ ይቀራል። በሁለት መድኃኒት ያልወረደ ግፊት ሲገጥመን ብዙ ጊዜ ሦስተኛ መድኃኒት እንጨምራለን እንጂ «ያንኮራፋል ወይ?» ብለን አንጠይቅም፤ ይህ የእኛ የባለሙያዎች ጉድለት ነው። የሌሊቱ ሽንትም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ጉሮሮው በተዘጋበት ጊዜ ደረት በከንቱ ሲስብ ልብ ይለጠጣል፤ ልብም በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የበዛ መስሎት ኩላሊት ሽንት እንዲያስወጣ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ፕሮስቴቱም ስኳሩም ደህና ሆኖ ሦስት ጊዜ መነሣት እንግዲህ ምክንያት አልባ አይደለም። ሕመሙ ሳይታከም ለዓመታት ሲቆይ ከልብ ምት መዛባት፣ ከስትሮክና ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይገኛል።

አማትዎ ስላነሡት ዱካክ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። ዱካክ ተጫነኝ የሚል ሰው የሚናገረው እውነተኛ ነገር አለ፤ ሕክምናው የእንቅልፍ ሽባነት ይለዋል። ሰውየው አእምሮው ነቅቶ ሰውነቱ ገና ከሕልሙ እንቅልፍ ሳይላቀቅ ይቀራል፤ መንቀሳቀስም መጮኽም ያቅተዋል፣ ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠበት ይመስለዋል፣ በነጋታውም አንድ በአንድ ይተርከዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዱካክን የሚያወራው የተኛው ሰው ራሱ ነው፣ የትንፋሽ መቋረጥን የሚያወራው ግን አጠገቡ የተኛው ነው። ባለቤትዎ ምንም የሚያስታውሱት ጭንቅ ከሌለ፣ የሚያዩት ሁሉ የእርስዎ ብቻ ከሆነ፣ ዱካክ ነው ለማለት ያስቸግራል። ጠበሉን በተመለከተ ከአማትዎ ጋር የሚጣሉበት ምክንያት የለም፤ ጠበሉም ይቀጥል፣ ምርመራው ግን አይቆይ፣ የግፊቱም መድኃኒት አይቋረጥ።

የጎረቤትን ምክር ግን ፈጽሞ አይቀበሉ። እንጥል ማስቆረጥ የጉሮሮውን መዘጋት አያድንም፤ የሚዘጋው እንጥሉ ብቻ ሳይሆን ከለስላሳው ላንቃና ከምላስ ጀርባ ያለው መተላለፊያ ነውና። በባህላዊ መንገድ ሲቆረጥ ደግሞ ብዙ ደም መፍሰስን፣ ቲታነስንና በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያስከትል ይችላል። በሆስፒታል በአንገት በላይ ሐኪም የሚደረግ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ተመርምሮ ለተመረጠ ሰው ነው። ቶንሲልና አዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን እጢ) ማውጣት በተለይ የሚጠቅመው ለሚያንኮራፉ ሕፃናት ነው።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ግምት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል ወደ 936 ሚሊዮን የሚሆኑት በተለያየ ደረጃ እንዳለባቸው አስልቷል። ሐኪሞች ማን ቀድሞ መመርመር እንዳለበት ለመለየት ስቶፕ ባንግ የሚባል የስምንት ጥያቄ መለኪያ ይጠቀማሉ። ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ ቀን ላይ መድከም፣ ትንፋሹ ሲቆም ሰው ማየቱ፣ የደም ግፊት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ከ50 ዓመት በላይ መሆን፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የአንገት ዙሪያና ወንድነት እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ያስቆጥራሉ፤ አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ከፍተኛ ተጠርጣሪ ነው። እርስዎ በጻፉት ብቻ ባለቤትዎ ስድስት አግኝተዋል። የአንገታቸውን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ሜትር ከሌለ የሸሚዛቸው ኮሌታ ላይ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ይነግርዎታል።

መጀመሪያ የሚሄዱበት የግፊታቸውን ክትትል የሚያደርግላቸው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው፤ እርሱም እንደ ሁኔታው ወደ ሳንባ ሐኪም ወይም ወደ አንገት በላይ ክፍል ይልካቸዋል። ሕመሙን የሚያረጋግጠው የሌሊት የእንቅልፍ ምርመራ ነው። ሙሉው ምርመራ ሰውየው በጤና ተቋም ተኝቶ ያድርና የአንጎሉ ሞገድ፣ የልብ ምቱ፣ የትንፋሹ፣ የደረቱ እንቅስቃሴና የኦክስጅኑ መጠን የሚመዘገብበት ነው። ቀለል ያለው ደግሞ በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ፣ በአፍንጫ ላይ የምትገባ ቀጭን ቱቦና የደረት ቀበቶ ተሰጥቶት ቤቱ ተኝቶ የሚያድርበት ነው። ይህ አገልግሎት በየሆስፒታሉ የሚገኝ ስላልሆነ ሐኪሙን «የት ይገኛል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድም ሊያስፈልግ ይችላል። ውጤቱ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ ወይም በእጅጉ እንደቀነሰ በቁጥር ይመጣል። ከአምስት በታች ጤነኛ፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ነው።

ለመካከለኛና ለከባድ ሕመም ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የተባለው ማሽን ነው። ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው፤ ሐሳቡም እጅግ ቀላል ነው። ማሽኑ በአፍንጫ ላይ በሚታሠር ጭምብል የክፍሉን አየር በመጠነኛ ግፊት ይነፋል፤ ያ ግፊት ለስላሳውን ጎማ ከውስጥ ገፍቶ ክፍት ያደርገዋል። ብዙ ሰው ኦክስጅን የሚሰጥ ይመስለዋልና ልብ ይበሉ፤ ኦክስጅን ብቻውን የተዘጋን ጉሮሮ አይከፍትም። ማሽኑ በተደረገበት ሌሊት ማንኮራፋቱም ጸጥታውም ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፤ መጀመሪያ ግን ጭምብሉ ያስጨንቃል፣ አፍንጫ ያደርቃል፣ ጉንጭ ላይ ምልክት ያስቀራል። በሁለት ሌሊት ተስፋ ቆርጠው ቁም ሣጥን ላይ የሚሰቅሉት ብዙዎች ናቸው። ቀን ላይ ቴሌቪዥን እያዩ ለግማሽ ሰዓት ማድረግ ለመልመድ ይረዳል፤ ልኩ የማይስማማ ጭምብል ደግሞ በልምድ አይስተካከልም፣ መለወጥ አለበት።

ይህ ማሽን ውድ በመሆኑ ቤተሰብ ውጭ አገር ያለው ሰው «ከአሜሪካ ላኩልኝ» ማለቱ አይቀርም። ከሆነ አራት ነገር ያስተውሉ። የግፊቱ መጠን በምርመራው ውጤት የሚወሰን እንጂ የሌላ ሰው ልክ የሚወረስ አይደለም። ያገለገለ ከሆነ ጭምብሉ፣ ቱቦውና ማጣሪያው አዲስ ይሁን፤ ፊሊፕስ ኩባንያ በውስጣቸው ያለው ስፖንጅ እየተፈረፈረ በመገኘቱ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. በሚሊዮን የሚቆጠሩ የመተንፈሻ ማሽኖቹን መሰብሰብ መጀመሩን አስታውሰው የተላከው ከእነዚያ አለመሆኑን በመለያ ቁጥሩ ያጣሩ። በኃይል ማገናኛው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት በእኛ መብራት ይሠራል፤ ካልተጻፈበት እንዳይሰኩት። አራተኛው የባለቤትዎ ሥራ የሚያመጣው ነው፤ ሌሊቱን መኪና ውስጥ የሚያድሩ ሰው ማሽኑን ከመኪና ባትሪ ለማሠራት የከባድ መኪና ባትሪ 24 ቮልት መሆኑን አውቀው ለማሽኑ የተሠራውን ማገናኛ መግዛት አለባቸው፤ በግምት የተገናኘ ሽቦ ማሽኑን ያቃጥለዋል። መብራት በሚጠፋበት ቤትም ይኸው ባትሪ ያገለግላል።

ከማሽኑ ሌላ የሚረዱ ነገሮች አሉ። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ኋላ ስለሚወድቅ በጎን መተኛት ይጠቅማል፤ በቲሸርት ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍቶ ትንሽ ኳስ መክተት ቀልድ ቢመስልም ይሠራል። ማታ የሚጠጣ አረቄ፣ ጠጅም ይሁን ቢራ ጉሮሮን ይበልጥ ያላላል፤ የእንቅልፍ ክኒንም እንዲሁ። ክብደት በ10 በመቶ ሲቀንስ የትንፋሽ መቋረጡ ቁጥር በሩብ ያህል እንደሚቀንስ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ለዓመታት የተደረገ ክትትል አሳይቷል፤ 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ዘጠኝ ኪሎ ማለት ነው። ቀላል ሕመም ላለበት ሰው የጥርስ ሐኪም የሚሠራው፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ የአፍ መሣሪያም አለ።

አሁን ወደ ሥራቸው ልምጣ፤ ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው። አዋሽ ላይ የሆነው ነገር መኪናው ቆሞ ሳለ መሆኑ ዕድል ነው። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ያለው መንገድ ረጅም፣ ሜዳማና ሙቀታም ነው፤ ነቅቶ የዋለን ሰው እንኳ ያንገላጅጃል። ስለዚህ ተመርምረው ሕክምና እስኪጀምሩ ድረስ የሌሊት ጉዞ መቅረት አለበት፤ ቀንም ቢሆን ዐይናቸው ከከበደ መሪውን ይልቀቁ። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮኽ እንቅልፍን አያባርርም። ቡና ጠጥቶ፣ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ 20 ደቂቃ መተኛት ለጊዜው ይረዳል፤ ጊዜያዊ መሆኑ ግን አይረሳ። ጫቱን በተመለከተ በዚያ መስመር ላይ የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ጫት ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ያልወረደውን ግፊት ይጨምራል፣ ሌሊት የሚገኘውንም ጥቂት እንቅልፍ ይሰርቃል።

ሥራዬን አጣለሁ የሚለው ፍርሃት የሚናቅ አይደለም፤ የቤታችሁ እንጀራ ነውና። ነገር ግን ይህ ሕመም ከመሪ ጀርባ የሚያስነሣው ሳይታከም ሲቀር ነው። ለምሳሌ በብሪታንያ ሕመሙ በመካከለኛ ወይም በከባድ ደረጃ ሆኖ ቀን የሚያንገላጅጀው የከባድ መኪና ሹፌር ማሽከርከሩን አቁሞ ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው አካል እንዲያሳውቅ ይገደዳል፤ ሕመሙ በሕክምና መቆጣጠሩ ሲረጋገጥ ግን ወደ ሥራው ይመለሳል። ማሽኑን በየሌሊቱ የሚጠቀም ሹፌር ብዙውን ጊዜ ቀን ላይ ንቁ ነው።

ይህን ሁሉ ለእሳቸው እንዴት ይንገሯቸው? በሌሊት ቀስቅሰው፣ ወይም ዘመድ በተሰበሰበበት አይሁን፤ ማንኮራፋት ለወንድ ልጅ መሳቂያ ተደርጎ ስለሚወሰድ ያፍራሉ፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ይከራከራል። ከመንገድ ተመልሰው ባረፉበት ቀን፣ ቡና ላይ ለብቻችሁ ሆናችሁ ያንሡት። ከዚያ በፊት እሺታቸውን ጠይቀው አንድ ሌሊት በስልክዎ ይቅረጿቸው፤ ፊታቸውና ደረታቸው አብሮ እንዲታይ፣ ጸጥታውም ከነመባነኑ እንዲገባ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቪዲዮው ለእሳቸውና ለሐኪሙ ብቻ ነው፤ ለሳቅ ብሎ ለዘመድ መላክም ሆነ ቲክቶክ ላይ መጫን ያስገኙትን እምነት ሁሉ ያፈርሰዋል። ራሱን ለ40 ሴኮንድ ሳይተነፍስ የተመለከተ ሰው «ድካም ነው» ለማለት ይቸገራል።

ስለ ራስዎም እንቅልፍ ይጨነቁ። የባለቤትዎ ትንፋሽ ሲቆም በእጅዎ ነካ አድርገው ወደ ጎን ማዞር ይበቃል፤ ሰውነታቸው ራሱ ስለሚያባንናቸው ሌሊቱን ሙሉ ዘብ መቆም አይጠበቅብዎትም። ቢነቀንቋቸው የማይነቁ፣ ከንፈራቸው የሚጠቁር፣ ወይም ሲነቁ ደረታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን ያ ጠዋት የሚጠበቅለት አይደለም፣ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ከሆነም ለሰመመን ባለሙያው ይህን ነገር አስቀድመው ይንገሩት፤ የማደንዘዣ መድኃኒት ይህን ጉሮሮ ይበልጥ ያላላዋል።

ወደ ሐኪም የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ የግፊት መድኃኒቶቹን ከነማሸጊያቸውና ቪዲዮውን ይያዙ፤ እርስዎም በር ላይ ሳይቀሩ አብረው ይግቡ። ሐኪሙ «ሌሊት ትንፋሽዎ ይቆማል?» ብሎ ሲጠይቃቸው ባለቤትዎ «ኧረ በፍጹም» ብለው ነው የሚመልሱት፤ የሚዋሹም አይደሉም።